200 መብረቅ

ፋይናል ፋንታሲ 10 ውስጥ «ተንደር ፕሌይንስ» የሚባል ሜዳ አለ። ሁሌ ይዘንባል፣ ሁሌ ጨለማ ነው፣ በየጥቂት ሰከንዱ መብረቅ ይወርዳል። መብረቁ ሲመጣ ስክሪኑ ለቅጽበት ነጭ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ኤክስን ከተጫናችሁ ቲደስ ዘሎ ያመልጣል፤ ካልተጫናችሁ ተመትቶ መሬት ላይ ይዘረጋል። ይህን አንዴ ማድረግ ያስቃል። አሥር ጊዜ ማድረግም ደስ ይላል። ጌሙ ግን 200 ጊዜ ነው የሚፈልገው፤ በተከታታይ፣ አንድም ሳትስቱ። 187 ላይ ከተመታችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስንት እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ ቆጣሪ ስክሪኑ ላይ የለም። ወይ ወረቀት ላይ እየጫራችሁ፣ ወይ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ታናሽ ወንድም እያስቆጠራችሁ ነው። መብራት ከሄደማ ባንነጋገርበት ይሻላል።

ሽልማቱ «ቬነስ ሲጊል» የምትባል ዕቃ ናት። ያለሷ የሉሉ የመጨረሻ መሣሪያ ሙሉ ኃይሉን አያወጣም። ጌሙ የወጣው በ2001 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ጌም መጥቶ ሄዷል፤ ስለ ፋይናል ፋንታሲ 10 ስታወሩ ግን ከሚያምረው ታሪኩ እኩል የሚነሳው ይኸው የመብረቅ ነገር ነው። የሚነሳው ደግሞ በምሬት ነው።

በሌላ በኩል ዊቸር 3 ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ስንት ሰዓት እንዳጠፉ በኩራት የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ያም ትንሽ ጌም ነው፣ ይህም ትንሽ ጌም ነው። ሁለቱም ከዋናው ታሪክ ውጭ ናቸው። ሁለቱንም ማንም አያስገድዳችሁም። ታዲያ አንዱ ለምን ትዝታ፣ ሌላው ለምን ቂም ሆነ?

«አንዱ ከባድ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃም። ከባድ ጌም የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ዳርክ ሶልስን መቶ ጊዜ ሞተው መቶ አንደኛውን የሚሞክሩ ሰዎች ዓለምን ሞልተዋታል። «አሰልቺ ስለሆነ ነው» የሚለውም እዚያው ነው። ዓሣ ማጥመድም እኮ አሰልቺ ነው፤ ሰው ግን ዜልዳ ውስጥ ሐይቅ ዳር ቆሞ ሰዓታት አሳልፏል።

መልሱ አማርኛችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኛ «ጨዋታ» ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው። ኳስ ጨዋታ ነው፣ ገበጣ ጨዋታ ነው፤ ቡና ላይ የሚወራውም ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤት ሲመጣ «ቁጭ በሉ፣ ተጫወቱ» ሲባል ማንም ካርታ አውጡ ማለት እንደሆነ አይገባውም። «ጨዋታ አዋቂ» የምንለውም ብዙ ጎል ያገባውን ሰው አይደለም። ስለዚህ ጥሩ ሚኒ ጌም ለእኔ በሁለቱም ትርጉም ጨዋታ የሆነ ነው። ትልቁ ጌም ውስጥ ያለ አንድ ሰው፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ መጠጥ ቤት «ና ቁጭ በል» ይላችኋል። መጥፎው ሚኒ ጌም ደግሞ ጨዋታ ሳይሆን ፈተና ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ስማችሁን እንኳ አይጠይቅም፤ የሚያየው መታወቂያውን ብቻ ነው።

የመብረቁን ሜዳ በዚህ ዓይን ደግማችሁ እዩት። የሚገርመው ነገር ፋይናል ፋንታሲ 10 ራሱ እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ጥሩ ጨዋታ ማስቀመጡ ነው። ሪኩ የምትባለው ልጅ መብረቅ ትፈራለች። ሜዳው መሃል ያለው ማረፊያ ቤት ጋ ስትደርሱ «እንረፍ፣ እባካችሁ እንረፍ» ብላ ትለምናለች። ፍርሃቷ ከየት እንደመጣም ትናገራለች፦ ልጅ ሆና ውሃ ውስጥ ጭራቅ ሲያጠቃት ወንድሟ ሊያድናት የመብረቅ ድግምት ወረወረ፣ ጭራቁን ሳተና እሷን መታት። ያስቃል፣ ያሳዝናልም፤ ሜዳውን የአንድ ሰው ሜዳ ያደርገዋል። እንግዲህ መብረቅ የማምለጥ ጌም እዚህ ቦታ ላይ ሊሠራ ሲታሰብ ታሪኩ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ሪኩ አጠገባችሁ ሆና ብትቆጥር፣ አሥረኛው ላይ ብትጮህ፣ ሃምሳኛው ላይ ዓይኗን ብትገልጥ፣ መቶኛው ላይ ራሷ ብትዘል! አልሆነም። ቲደስ ብቻውን ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይዘላል። ሽልማቱም ለሪኩ ሳይሆን ለሉሉ ነው፣ እሱንም የሚሰጣችሁ ሰው የለም፤ ማረፊያው ቤት ደጅ ላይ ካለ ሣጥን ውስጥ ታወጡታላችሁ። ተጫዋቾች መብረቁ ደጋግሞ የሚወርድባትን አንዲት ጉድጓድ አግኝተው እዚያ ወጣ ገባ እያሉ ይቆጥራሉ። ዓለም የሚያህለው ጌም አንዲት ጉድጓድና አንድ ቁልፍ ሆኖ ቀረ።

አሁን እዚያው ጌም ውስጥ ብሊትዝቦልን ተመልከቱ። ውሃ ውስጥ የሚካሄድ ኳስ ነው፤ ከበረኛው ጋር በየወገኑ ስድስት ሰው። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ራሱ ብዙም አይደለም። ኳስ የያዘው ተጫዋች ቀስ እያለ ይዋኛል፣ ተከላካይ ሲደርስበት ጌሙ ይቆምና ቁጥሮች ይወዳደራሉ፦ የእሱ ምት ይህን ያህል፣ የበረኛው መያዝ ያን ያህል። ፊፋ ለለመደ ሰው ኤክሴል መጫወት ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ አልፈርድበትም።

እኔ ግን ከመብረቁ ጋር አንድ ላይ ሊጠራ አይገባም ባይ ነኝ። ዋካ የሚመራው ቡድን ቤሳይድ ኦሮክስ 23 ዓመት ሙሉ ተሸናፊ ሆኖ የኖረ ቡድን ነው። ታሪኩ የመጨረሻውን ግጥሚያ ከሉካ ጎርስ ጋር እንድትጫወቱ ያስገድዳችኋል፤ ይህ በጌሙ ውስጥ ግዴታ የሆነው ብቸኛ ግጥሚያ ነው። ብትሸነፉስ? ምንም። ታሪኩ ይቀጥላል። ለ23 ዓመት የተሸነፈ ቡድን አንዴ ቢጨምር ማን ይገረማል? ብታሸንፉ ደግሞ ደስታው የዋካ ነው፣ የስታዲየሙ ነው፣ ትንሽም የእናንተ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓለሙን እየዞራችሁ ተጫዋች መመልመል ትችላላችሁ። መንደር ውስጥ የምታልፉት ሰውዬ፣ ስታዲየም በር ላይ የቆመው፣ ማንም ልብ ያላለው ሰው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታናግሩት አጥቂ ሆኖ ይገኛል። በኋላ የበረራ መርከቡን የሚነዳው የሪኩ ወንድምም ይፈርማል። አዎ፣ ያ መብረቁን የሳተው ልጅ ነው። ምት ላይ እንደዚያ እንዳይስት መጸለይ ነው።

ይህን ነው ጨዋታ የምለው። ውሃ ውስጥ ያለው የቁጥር ሒሳብ ደካማ ሆኖ ሳለ ዙሪያው ያሉት ሰዎች ይሸከሙታል።

ግዌንት ደግሞ ሁለቱም የተሟላለት ነው። ዊቸር 3 በ2015 ሲወጣ ነጩ ፀጉር ጌራልት ልጁን ያህል የሚያያትን ሲሪን ፍለጋ ወጥቷል። ልጅቷን ገዳዮች እያሳደዷት ነው። እሱ ግን በየመጠጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ካርታ ይጫወታል። በዚህ ያልቀለደ የለም፤ ቀልዱም ልክ ነው። ደንቡ ለመማር ቀላል ነው፦ መጀመሪያ አሥር ካርድ ይደርሳችኋል፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ አሸነፈ፣ እና በየዙሩ አዲስ ካርድ አይታደልም። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ማሸነፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ መቼ መሸነፍ እንዳለባችሁ ማወቅ ላይም ነው። የመጀመሪያውን ዙር ባላጋራችሁ ብዙ ካርድ እንዲያቃጥል አድርጋችሁ ትለቁለታላችሁ። ሰላይ የሚባሉት ካርዶች ደግሞ ከሁሉ ይጣፍጣሉ፤ ሰላዩን ባላጋራችሁ ሜዳ ላይ ታስቀምጡና ነጥቡን ለሱ ትሰጣላችሁ፣ በምትኩ ሁለት ካርድ ትስባላችሁ። ዛሬ እየሰጡ ነገ መውሰድ። ይህን የማያውቅ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ የለም።

ግን ግዌንትን ግዌንት ያደረገው ደንቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ብቻውን ሲወጣም ያው ይሆን ነበር። ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2018 ግዌንትን ራሱን የቻለ ጌም አድርጎ አወጣው። ደንቡ ተስተካከለ፣ ሦስቱ ረድፍ ሁለት ሆነ፣ ሥዕሉ አማረ፣ የሚጫወቱትም ከእውነተኛ ሰው ጋር በኢንተርኔት ሆነ። ጥሩ ጌም ነበር፤ ተቆርቋሪዎቹም አሉት። ኩባንያው ግን ከ2023 በኋላ አዲስ ነገር መጨመሩን አቆመ። በቴክኒክ ከታየ አዲሱ ግዌንት ይበልጣል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ይከራከሩ። እኔን የናፈቀኝ የመጀመሪያው ውስጥ ያለው መጠጥ ቤት ነው። ዋይት ኦርቻርድ ውስጥ ደንቡን የሚያስተምራችሁ ምሁር፣ ካርድ የሚሸጠው ባለ መጠጥ ቤት፣ በሚስቱና በልጁ ላይ የሠራው ግፍ የሚያንገበግበው ባሮን። ከባሮኑ ጋር ካርታ ትጫወታላችሁ፤ ያን ሰው መጥላት አለባችሁ፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ለአሥር ደቂቃ አንድ ሁለት ትባባላላችሁ። ካርዶቹ ላይ ያሉት ፊቶችም በመንገዳችሁ የምታገኟቸው ሰዎች ናቸው። ሲሪም አለችበት። ልጁን እየፈለገ ያለ አባት የልጁን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ይህን የጌሙ ደራሲዎች ሆን ብለው ይሁን በአጋጣሚ፣ ለእኔ ከብዙ ንግግር በላይ ይናገራል።

እስካሁን ያልኩት «ሰው ካለበት ጥሩ፣ ከሌለበት መጥፎ» የሚል ይመስላል። እንዲህ ቀላል ቢሆን ደስ ባለኝ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ያፈርሰዋል።

ኢንተርኔት ካፌ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሳን አንድሪያስን አያጣውም። የ2004 ጌም ነው፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የሌለ ነገር የለም፦ ጂም፣ ዳንስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ፑል። እዚያ ውስጥ ሲጄ የእህቱን የኬንደልን ፍቅረኛ ቄሳርን የሚያገኝበት ሚሽን አለ። መኪናችሁን በሙዚቃው ምት እያስዘለላችሁ ትወዳደራላችሁ። ሰው አለበት ከተባለ ሞልቶበታል፤ ወንድም የእህቱን ልጅ ልኮ ሳይሆን ራሱ መጥቶ የሰውዬውን ልክ ሊያይ ነው። ሰፈር አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ክብር አለ። ግን በኮምፒውተር ስትጫወቱት መኪናውን የሚያስዘልሉት ቁልፎች ከኪቦርዱ በስተቀኝ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ናቸው። ትንሽ ላፕቶፕ ላይ እነዚያ ቁልፎች የሉም! ቁልፍ መቀየር እንደሚቻል ያላወቀ ልጅ እዚያ ሚሽን ላይ ተቀብሯል። ካልተሸለማችሁ ደግሞ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ኦሮክስ ተሸንፎ ሲሄድ ሲጄ ግን እንዲሸነፍ አልተፈቀደለትም። ቄሳር «ዛሬ አልሆነልህም፣ ግን ወንድ ነህ፣ ና ቢራ» ሊለው ይችል ነበር፤ ለታሪኩም ይመጥን ነበር። በምትኩ ሚሽኑ ከሸፈ የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

በረሃው ውስጥ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት ደግሞ ሰውም የለበትም። ቴሌቪዥን ከፍታችሁ ትምህርቱን ትመርጣላችሁ፣ ትበራላችሁ፣ መቶኛ ይሰጣችኋል። ይህን ሳታልፉ ዋናው ታሪክ አይቀጥልም። ወንድሙን ሊያስፈታ የሚሮጥ ሰው በክበብ ውስጥ ማለፍ ይለማመዳል። እዚያው ጌም ውስጥ ግን መጠጥ ቤት ገብታችሁ የምትጫወቱበት ፑል ጠረጴዛ አለ። ገንዘብ ታስይዛላችሁ፣ ትሸነፋላችሁ፣ ከኪሳችሁ ይወጣል፣ በቃ። ከረንቦላ ቤት የሄደ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሁለቱን ያወዳደረ ሰው ሁለተኛው መመዘኛ ወዲያው ይገባዋል፦ ጨዋታ ውስጥ መሸነፍ ይቻላል፤ ተሸናፊም ነገ ይመለሳል። ፈተና ውስጥ ያለው ግን ማለፍና መድገም ብቻ ነው።

መድገም ካልኩ አይቀር ባዮሾክ። የ2007ቱ ባዮሾክ ከባሕር በታች የተሠራች፣ ሀብታሞች ያበዱባት ከተማ ውስጥ ይጥላችኋል። ፍርሃቱ ልብ ያቆማል። ከዚያ አንድ መሸጫ ማሽን ወይም ካሜራ ልትጠልፉ ስትሉ ዓለሙ በሙሉ ቆሞ የቧንቧ ቅጥልጥል ይመጣል። ውሃው ሳይደርስ ቧንቧ ታገጣጥማላችሁ። ከ1989ኙ ፓይፕ ማኒያ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የመጀመሪያው አምስት ጊዜ ጥሩ ነው። ሠላሳኛው ላይ ግን ያ ሁሉ ፍርሃት ረግቦ፣ ጠላት ጥይት አፉ ላይ እንዳለ ቆሞ እየጠበቃችሁ፣ እናንተ የቧንቧ ሠራተኛ ሆናችኋል። ሠሪዎቹም የገባቸው ይመስለኛል፤ በ2010 በወጣው ባዮሾክ 2 ቧንቧው ቀርቶ ጊዜ ሳይቆም የሚሠራ ወዲያ ወዲህ የሚል መርፌ ሆነ። ውስጡ ያለው ጨዋታ ቀለለ፣ ከተማዋ ግን ተመልሳ አስፈሪ ሆነች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ጊዜ የሚያቆም ሚኒ ጌም ካለ ጊዜ የሚሞላም አለ። ሪጅ ሬሰር በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ላይ ሎድ ሲያደርግ ናምኮ የ1979ኙን ጋላክሲያን ያጫውታችሁ ነበር። መርከቦቹን ሁሉ ከጨረሳችሁ ተጨማሪ መኪናዎች ይከፈታሉ። እንዴት ያለ ቸርነት ነው! ናምኮ ግን ሐሳቡን በፓተንት አስመዘገበው፣ ፓተንቱም እስከ 2015 ቆየ። ሎዲንግ እጅግ ረጅም በነበረበት ዘመን በሙሉ ሌሎች ኩባንያዎች ባዶ መስመር ሲያሳዩን የኖሩት በከፊል በዚህ ነው። ፓተንቱ ሲያልቅ ደግሞ ዲስኮቹ እየፈጠኑ መጥተው ሎዲንጉ ራሱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ልጁ ሲያድግ አሻንጉሊት እንደመስጠት ነው።

ወደ ካርታ ልመለስ፤ ምክንያቱም ማበሳጨት ሁሌ መጥፎ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ አለ። የ1999ኙ ፋይናል ፋንታሲ 8 ውስጥ ያለው ትሪፕል ትራያድ። ዘጠኝ ካሬ ያለው ሰሌዳ፣ በየሰው አምስት ካርድ፣ በካርዱ አራት ጎን አራት ቁጥር። ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ትልቁ ቁጥር ትንሹን ይገለብጣል። አምስት ደቂቃ ውስጥ ትማሩታላችሁ። ግን ደንቡ በየአገሩ ይለያያል። ባላምብ ላይ ካርዱ ተገልጦ ይጫወቱታል፤ ዶሌት ላይ «ራንደም» የሚባል ደንብ አለ፣ ማለትም አምስቱን ካርድ እናንተ አትመርጡም፣ ከስብስባችሁ ውስጥ በዕጣ ይወጣል። ያ ሁሉ የለፋችሁበት ምርጥ ካርድ ቁጭ ብሎ ያያል። ይባስ ብሎ አንድ አገር ተጫውታችሁ ሌላ አገር ስትሄዱ የቀድሞውን ደንብ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሰዎቹ «ያመጣኸውን ደንብ ከኛ ጋር ቀላቅለን እንጫወት» ይሏችኋል፤ እሺ ካላችሁ ደንቡ እዚያ ሥር ሊሰድ ይችላል። ሳያውቁ ራንደምን በመላው ዓለም የበተኑ ተጫዋቾች ስንት ናቸው!

ያበሳጫል። በጣም ያበሳጫል። ግን ይህ ብስጭት ከመብረቁ ብስጭት ጋር አንድ አይደለም። ደንብ ከሰው ወደ ሰው፣ ከከተማ ወደ ከተማ እንዲህ ነው የሚሄደው። ካርታ ያጫወተኝ ሰው ሁሉ «በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው» ይላል። ገበጣም ያው ነው፦ ሁለት ረድፍ የሚጫወት አለ፣ ሦስት ረድፍ የሚጫወት አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ትሪፕል ትራያድ ይህን ነገር በአንድ የጃፓን ጌም ሆድ ውስጥ አስገብቶታል። ሰፈር አለው፣ ወሬ አለው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ስውር የካርታ ማኅበር አለ፤ አባላቱን አንድ በአንድ አሸንፋችሁ «ንጉሡ» ማን እንደሆነ ስትደርሱበት መምህርቷ ኩዊስቲስ ሆና ትገኛለች። ቀን ስታስተምር፣ ማታ ካርታ። ይህች ሴት በዋናው ታሪክ ውስጥ ካላት ቦታ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ሰው ትመስለኛለች።

ስታርዲው ቫሊም አንድ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። ከተማው መጠጥ ቤት ውስጥ «ጆርኒ ኦቭ ዘ ፕሬሪ ኪንግ» የሚባል የካውቦይ መጫወቻ ማሽን ቆሟል። አንዴም ሳይሞቱ መጨረስ የሚጠይቅ አቺቭመንት አለው፤ ስንቱን አስለቅሷል። ያንኑ ጌም አቢጌል የምትባለው ልጅ ቤቷ ውስጥ ትጫወተዋለች። ከሷ ጋር ትንሽ ስትቀራረቡ አንድ ቀን ቤት ስትገቡ የመጀመሪያውን ደረጃ ማለፍ አቅቷት ታገኟታላችሁ፣ «አግዘኝ» ትላለች፣ አብራችሁ ትተኩሳላችሁ። ያው ካውቦይ፣ ያው ጥይት ነው። መጠጥ ቤት ሲሆን እልህ፣ አቢጌል ሶፋ ላይ ሲሆን ጨዋታ።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ደግሞ ሁለቱን በአንድ ልብስ ለብሶ ይመጣል። በ2018 የወጣው ይህ ጌም ውስጥ ሰፈሩ እሳት ዳር ከጓዶቻችሁ ጋር ፖከር ትጫወታላችሁ። ከነዚያ ጓዶች አንዳንዶቹ ታሪኩ ሳያልቅ ይሞታሉ። ጨዋታው ላይ ማንም ይህን አይነግራችሁም፤ ካርድ ይታደላል፣ ይቀለዳል፣ ይሰደባል። ሲያልቅ ግን የምታስታውሱት ያን ነው። እዚያው ጌም ውስጥ ግን የቁማርተኛ ፈተናዎች የሚባል ዝርዝር አለ። ስምንተኛው ብላክጃክን በሦስት እጅ እንድታሸንፉ ይጠይቃል፤ በየእጁ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ካርድ ጠይቃችሁ፣ ከ21 ሳታልፉ። ማለትም ከሁለቱ መነሻ ካርዶች ጋር አምስት ካርድ ይዛችሁ ማሸነፍ ነው። ብላክጃክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጫወትም። 18 ይዛችሁ ካርድ የምትጠይቁት ፈተናው ስላለ ብቻ ነው። በደንብ ለመጫወት መበላሸት ግድ ይላል። አከፋፋዩ አፍ ቢኖረው «ጤና የለህም?» ባላችሁ ነበር። ችሎታ አይደለም፣ ዕድል ነው፤ ዕድሉ እስኪመጣ ሰዓት መክፈል ነው።

ጉዳዩ ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ሰዓት ትንሽ ነገር አይደለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ጌምን የለመደው በገንዘብ ተለክቶ ነው፤ አንድ ጨዋታ ይህን ያህል፣ ተሸናፊ ይነሳ፣ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው ስጥ። ዛሬም ቤት ውስጥ የሚጫወተው መብራት እስካለ፣ ሥራና ትምህርት እስከፈቀዱ ነው። 200 መብረቅ እንዲዘል የተጠየቀው የዚህ ሰው ሌሊት ነው። ጌም ሠሪዎች ሰፊ ጌም ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያሰፉት ጌሙን ሳይሆን የኛን ሰዓት ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 7 ሪበርዝን (2024) ስጫወት ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ከ20 በላይ ሚኒ ጌሞች አሉት። ኩዊንስ ብለድ የሚባለው ካርታ እጅግ ግሩም ነው፤ ብቻውን ቢሸጥ እገዛው ነበር (ግዌንት ላይ የሆነውን አይቼ፣ ባይሸጥ ይሻላል)። ፒያኖውም ደስ ይላል፤ ማንም ሳይጠይቃችሁ ቁጭ ብላችሁ ትመታላችሁ። ታሪኩ ሊጋጋል ሲል ግን ኬት ሲዝ የሚባለው ድመት አሮጌ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሣጥን እያነሳ እንዲወረውር ይደረጋል። ሣጥን ማንሳት፣ ማነጣጠር፣ መወርወር፣ መሳት፣ እንደገና ማንሳት። ማስቀረት አይቻልም። ከማንም ጋር አይደለም። ያን ያህል ገንዘብ፣ ያን ያህል ውበት፣ እና ሣጥን። የሚገርመው ኩዊንስ ብለድን የሠራውና ሣጥኑን የሠራው አንድ ስቱዲዮ መሆኑ ነው። ስለዚህ ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። «ይህ ጨዋታ ከማን ጋር ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አንዱ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ሌላው ውስጥ አልነበረም።

አሳሲንስ ክሪድ 3 (2012) በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። እዚያ ውስጥ ፋኖሮና የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ አለ፤ የማዳጋስካር ጨዋታ ነው። ማዳጋስካርና ቦስተን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ፋኖሮና እዚያ ከደረሰ ገበጣ የት ቀረ? ቅኔ ጌምስ ገበጣን ለስልክ ሠርቶታል፣ መልካም ነው፤ በስልክ ግን ገበጣው ብቻውን ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ትልቅ ጌም ውስጥ፣ ከረጅም መንገድ በኋላ ዛፍ ሥር ስደርስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጠጠር ሲያንጠባጥቡ ማግኘት ነው። አንደኛው ዞር ብሎ «ልጄ፣ ከየት ነህ?» ይበለኝ። የኛ ሰፈር ደንብ በሦስት ረድፍ ነው ይበለኝና ያሸንፈኝ። ሽልማት አያስፈልግም። የጠፋ ወንድሜን አይቶት እንደሆነ ጠጠሩን እየዘራ ቢነግረኝ ይበቃኛል፤ ካልነገረኝም ነገ በዚያው በኩል አልፋለሁ።